እማማ ዘርፌን ማን ያድርሳቸው?

አንድ ሰው ነበር። ደግ ሰው ነበር። ዛሬ የምነግራችሁ ስለ ክፉ ሰው አይደለም። ስለ ክፉ ሰው መስበክማ ቀላል ነው፤ ሁላችንም ጎረቤታችንን እያየን አሜን እንላለን።

ይህ ሰው እኔ በማገለግልበት ከተማ፣ እዚሁ አሜሪካ፣ የቤተ ክርስቲያናችን አባል ነው። ስሙን ሳህሉ እንበለው። ሳህሉ መኪና አለው፤ መኪናውን ደግሞ ለራሱ ብቻ አያደርግም። እሑድ የመጨረሻው አሜን ከአፋችን ሳይወጣ ቁልፉን ይዞ በር ላይ ቆሟል። መኪና የሌለው ሰው ካየ አይለቅም። "ላድርስዎ!" ይላል። "ኧረ በሞቴ፣ እንዴት በአውቶቡስ ይሄዳሉ እኛ እያለን!" ይላል።

ይህን ነገር እናንተም ታውቁታላችሁ። እኛ ሰው ፌርማታ ላይ ቆሞ ማየት አንችልም። አንዲትን እናት ለሦስት ከበን "እኔ ላድርስ፣ እኔ ላድርስ" እያልን እንጣላለን። እኔ ይህን ጠባያችንን እወደዋለሁ፤ ዛሬም ላንቋሽሸው አልመጣሁም።

በዚያው ቤተ ክርስቲያን እማማ ዘርፌ የሚባሉ እናት አሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው፣ መኪና አይነዱም። ሳህሉ አራት ዓመት ሙሉ፣ እሑድ እሑድ፣ እማማ ዘርፌን ወደ ቤታቸው አደረሳቸው። ቤታቸው ከእሱ ቤት በተቃራኒው አቅጣጫ ነው። አንድ ቀን አማረረ? አላማረረም። በራቸው ላይ ያወርዳቸዋል፣ ይመርቁታል፣ ደስ ብሎት ይመለሳል።

አንድ ቅዳሜ የሳህሉ መኪና ፍሬኑ ተበላሸና ጋራዥ ገባ።

እሑድ ጠዋት በአውቶቡስ መጣ። ማንም ሳያየው በጎን በር ገባ፣ ማንም ሳያየው በጎን በር ወጣ። ለምን ይመስላችኋል? አንድ ወንድም "አድርሰኝ" ብሎ ቢለምን እኮ አምስት መኪና ይሰለፍለት ነበር! ግን አራት ዓመት ሰው ሲያደርስ የኖረ ሰው፣ አድርሱኝ ማለት ሞት ሆነበት። መስጠት እንጂ መቀበል አልለመደም። ስንቶቻችን እንደዚህ ነን?

ሲወጣ እማማ ዘርፌ ሌላ ወንድም መኪና ውስጥ ሲገቡ አያቸው። "ተመስገን፣ ዛሬም አልተቸገሩም" አለና ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወዳለው ፌርማታ ሄደ። በእኛ ከተማ እሑድ አውቶቡሱ የሚመጣው በሰዓት አንዴ ነው። አንዱ ዓይኑ እያየ ሄደበት። ቆመ። ሃምሳ ደቂቃ፣ በነሐሴ ፀሐይ፣ ጥላ በሌለበት፣ ኮፍያም ሳይዝ ቆመ። የሚያልፉትን መኪኖች ቆጠረ። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ሰው ነበር። እሱም ራሱ በሌላው እሑድ እንደዚያ እንደሚያልፍ ትዝ አለው።

አውቶቡሱ መጣ። በሩ ተከፈተ። ሳህሉ ገባ። ከሹፌሯ ጀርባ ባለው የመጀመሪያ ወንበር ላይ ማን ተቀምጠው አየ?

እማማ ዘርፌን!

ከአንድ ሰዓት በፊት ወደ ቤታቸው የሄዱትን እማማ ዘርፌን! እሳቸውም አዩት፣ እሱም አያቸው፤ ሁለቱም ሲሰርቅ እንደተያዘ ሰው ደነገጡ።

"እማማ! ቤት አላደረሱዎትም እንዴ?"

"አድርሰውኛል ልጄ። ተቀመጥ።"

"ታዲያ ወዴት ነው?"

እማማ ዘርፌ አጠገባቸው ቦታ ለቀቁለት። ከዚያ ነገሩት። ባለቤታቸው ጋሽ ይርጋ የማስታወስ ሕመም ይዟቸው፣ በዚያው የአውቶቡስ መስመር መጨረሻ ላይ ባለ የአረጋውያን መንከባከቢያ ገብተዋል። የእማማን ስም እንኳ ረስተዋል። የሚያጎርሷቸውን እጅ ግን አልረሱም። ምሳ ከማንም አይቀበሉም፤ ነርሶቹ ቢለምኑ አፋቸውን ይገጥማሉ። እማማ ሲያጎርሷቸው ብቻ ይበላሉ።

"ከሰኞ እስከ ቅዳሜ በዚህ አውቶቡስ እሄድና በምሳ ሰዓት እደርሳለሁ" አሉት። "እሑድም ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ተነስቼ ቀጥታ ብሄድ እደርስ ነበር። ግን እናንተ ወደ ኋላ ቤቴ ትወስዱኛላችሁ። መኪናው ዞሮ እስኪጠፋ በር ላይ ቆሜ እጄን አወዛውዛለሁ። ከዚያ ፌርማታ እወጣና የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ። ስደርስ ምሳው ተነስቷል፣ እሱም ተኝቷል። እሑድን ጦሙን ነው የሚውለው።"

ወገኖቼ፣ ሰማችሁ? ያ ሰው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ ይራባል። የትኛው ቀን? እኛ የምናመልክበት ቀን! ማን አስራበው? ደግነታችን!

"ለምን አልነገሩኝም?" አለ ሳህሉ። ሊያለቅስ ደርሷል።

"ምን ብዬ? እምቢ ብልህ ትቀየመኛለህ። ደግሞ አራት ዓመት ስታደርሰኝ፣ ወዴት ነዎት ብለህ ጠይቀኸኝ ታውቃለህ?"



"አንዴ ለአንዷ እህት ነግሬያት ወሰደችኝ" አሉ እማማ። "ጌታ ይባርካት። ኮሪደሩ ላይ ቆማ ቁልፏን እያንቀጫቀጨች ጠበቀችኝ። ሰው በር ላይ አቁሜ ባሌን እንዴት ላብላ? ሁለት ጉርሻ ሰጥቼው ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ ማንንም አላስቸገርኩም። አውቶቡሱ አይቀየመኝም፣ ቶሎ በይ አይለኝም።"

ይህን ጊዜ ሹፌሯ በመስታወት አየቻቸው። ዳርሊን ትባላለች፤ እማማን በስማቸው ነው የምትጠራቸው። "ጓደኛሽ ነው?" አለች። "እንግዲያውስ ንገሪው። ከጥቅምት ጀምሮ እሑድ እኔን አታገኙኝም። መስመሩ እሑድ ሊዘጋ ነው፤ ወረቀቱ በሩ ላይ ተለጥፏል።"

"ለምን?" አለ ሳህሉ።

"ሰው የለማ! ዙሪያህን እይ። አራት ሰው ይዤ ይህን የሚያህል አውቶቡስ ስነዳ እውላለሁ።" ከዚያ በመስታወቱ እንደገና አየችውና "ያ ፓርኪንጉ ጢም ብሎ የሚሞላው የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ነው አይደል?" አለችው።

ይህቺ ጥያቄ ሳህሉን ወጋችው። ዛሬ እኔንም ትወጋኛለች። ከመቶ ሃያው አባላችን ከግማሽ የሚበልጠው የሚኖረው በዚያው መስመር ላይ ነው። አውቶቡሱ በደጃችን ያልፋል። እኛ በየመኪናችን እንመጣለን፣ ፓርኪንግ አጣን ብለን እንጨቃጨቃለን፣ የጎረቤቶቹን በር ዘግተን እናቆማለን፣ የቀሩትን አራት ተሳፋሪዎች ደግሞ "ላድርስዎ" ብለን ከፌርማታው ላይ እንለቅማለን። አውቶቡሱን ባዶ ያደረግነው እኛው ነን።

ሳህሉ ግን ደግ ሰው ነው ብያችኋለሁ። ወዲያው መፍትሔ አገኘ። "አይጨነቁ እማማ! ተራ እናወጣለን። በየእሑዱ አንድ ሰው እየመጣ በቀጥታ ጋሽ ይርጋ ጋ ያደርስዎታል። አውቶቡሱ ቢቀርም ችግር የለም!"

እማማ ዘርፌ ሳቁ። "አየህ? አሁንም ልታደርሱኝ ነው። ልጄ፣ ዛሬ ተራ ታወጣላችሁ፤ ክረምት ሲገባ፣ በረዶ ሲጥል፣ ልጅ ሲታመም ተራው ይረሳል፤ እኔም ስልክ እያየሁ መኪና ስጠብቅ እውላለሁ። እኔ አድርሱኝ አላልኩም። ኑና አብራችሁኝ ተሳፈሩ።"

ይቺን ስሟት። ኑና አብራችሁኝ ተሳፈሩ።

በሚቀጥለው እሑድ ሳህሉ መድረክ ላይ ወጥቶ ይህን ሁሉ ተናገረ። መኪናው ከጋራዥ ወጥታለች፤ እሱ ግን በአውቶቡስ እንደመጣ ተናገረ። ሰው ምን አለ መሰላችሁ? አንዱ "ወንድም ሳህሉ ከሥራ ወጣ እንዴ?" አለ። ሁለት እህቶች ሥራ እንዲያገኝ መጸለይ ጀመሩ! ባለ መኪና ሰው ወዶ አውቶቡስ ይጠብቃል ብሎ ማን ያስብ?

የመጀመሪያው ሳምንት ሳህሉ ብቻውን ከእማማ ጋር ሄደ። ቀጥታ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ። በምሳ ሰዓት ደረሱ። ሳህሉ ጋሽ ይርጋ አጠገብ ተቀመጠና እማማ ሲያጎርሷቸው አየ። ጋሽ ይርጋ ሳህኑን ጨረሱ። የሚጠብቅ መኪና የለም፣ የሚንቀጫቀጭ ቁልፍ የለም። እማማ አፋቸውን ጠረጉላቸው፣ ፀጉራቸውን አበጠሩላቸው፣ መዝሙር ዘመሩላቸው፤ በሚቀጥለው አውቶቡስ ተመለሱ።

ሁለተኛው ሳምንት አምስት ሰው ሆኑ። እኔስ? እኔ መጋቢው? እውነቱን ልንገራችሁ፤ እኔ የተሳፈርኩት በአራተኛው ሳምንት ነው። ሦስት ሳምንት ምክንያት ስደረድር ቆየሁ። ስብከት አለብኝ፣ ቦርሳዬ ይከብዳል፣ ሱፌ ይጨማደዳል። የያዘኝ ግን ሌላ ነው፤ መጋቢው በአውቶቡስ መጣ እንዳይሉኝ ነው የፈራሁት። ያዳንኩት ሱፌን ሳይሆን ኩራቴን ነበር።

መስከረም ሲያልቅ እሑድ ጠዋት የምንሳፈረው ሠላሳ አንድ ሰዎች ነበርን። ዳርሊን ልጆቹን በስም መጥራት ጀመረች። ለስምንት ዓመት ሰላም ተባብለን ስንተላለፍ የኖርን ሰዎች፣ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጠን ሃያ ደቂቃ ስናወራ፣ የአንዱ እናት እንደሞተች፣ የሌላው ልጅ ዩኒቨርሲቲ እንደገባች ገና ያኔ ሰማን። አንድ ወንድም ቤቱ ሁለት ፌርማታ ብቻ እንደሚርቅ አስተዋለና በእግሩ መምጣት ጀመረ፤ አንዷ ወጣት ብስክሌት አወጣች። ፓርኪንጉ ግማሹ ባዶ ሆነ። ልጆቹ ኳስ ይዘው ወረዱበት። ጎረቤታችን ያሉት አሜሪካዊት አዛውንት፣ ለዓመታት ሳይቆጡን ያለፉበት እሑድ አልነበረም፤ ያን ቀን በረንዳቸው ላይ ወንበር አውጥተው ልጆቹን ሲያዩ ዋሉ።

የከተማው የትራንስፖርት ቢሮ ስብሰባ ሲጠራ አብረን ሄድን። በምን? በአውቶቡስ ነዋ! እማማ ዘርፌ ማይክራፎን ተሰጣቸው። ሳህሉ አስተረጎመ። "ባሌን በሰዓቱ አበላው ዘንድ አውቶቡሱን ተዉልኝ" አሉ፤ ሌላ አልጨመሩም። ቢሮው መስመሩን ለአንድ ዓመት አቆየው። ከአንድ ዓመት በኋላ እንደገና ተሳፋሪ ይቆጥራሉ። እንግዲህ ይቁጠሩን! ተሳፍረን ያገኙናል።

አሁን ወደ እናንተ ልምጣ።

ሁላችሁም መኪናችሁን ሽጡ አላልኳችሁም። ሦስት ሕፃን ይዛ በክረምት የምትወጣ እናት አለች፤ አልፈርድባትም። አውቶቡስ ጭራሽ የማይደርስበት ሰፈር የሚኖር አለ፤ እሱ ጎረቤቱን ይጫን፣ ለአንድ ቤት ሁለት መኪና አይነሳ። ግን በደጃችሁ የሚያልፈውን አውቶቡስ ቁጥሩን የማታውቁ ስንት ናችሁ? አየሩን የሰጠን ፈጣሪ ነው፤ ጭሱን የምንጨምርበት እኛ ነን። ልጆቻችሁ የአስም መድኃኒት በኪሳቸው ይዘው ትምህርት ቤት ሲሄዱ አላያችሁም? ስለ እነሱ ስንጸልይ ደግሞ የመኪናችን ሞተር እንደበራ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ስለ ፍቅር ልጠይቃችሁ። ሰውን ስትረዱ፣ እሱ ወደሚሄድበት ነው የምትወስዱት ወይስ እናንተ ወደሚቀናችሁ? ከፍ ብላችሁ ነው የምትሰጡት ወይስ አጠገቡ ትቀመጣላችሁ? ማድረስ ጥሩ ነው። አብሮ መሳፈር ግን ይበልጣል።

እኔ ዛሬ እዚህ የመጣሁት እንግዳ ሆኜ ነው። ወንድሞች ወዳረፍክበት መኪና እንላክልህ አሉኝ፤ አይ፣ አውቶቡስ አለ ብዬ በአውቶቡስ መጣሁ። አጠገቤ ነጠላ የለበሰች፣ መጽሐፍ ቅዱስ የያዘች እህት ተቀምጣ ነበር። ሰላም ተባባልን። የዚህ ቤተ ክርስቲያን አባል ናት። ከዚህ አንድ ፌርማታ ሲቀረን ተነሳች። "ገና ነን እኮ" አልኳት። "አውቃለሁ" አለችኝ። "ከአውቶቡስ ስወርድ እንዳያዩኝ እዚህ ወርጄ በእግሬ እመጣለሁ።"

ይህን እንድናገር ፈቅዳልኛለች፤ ስሜን ግን አትጥራ ብላኛለች። አሁን በመካከላችሁ ተቀምጣለች። ዞራችሁ አትፈልጓት! ማንነቷን ማወቅ አያስፈልጋችሁም። የሚያስፈልገው ሌላ ነው።

የዛሬ ሳምንት ያ አውቶቡስ እናንተን ይዞ ይምጣ። ሽማግሌዎቹ ይኑሩበት፣ ዘማሪዎቹ ይኑሩበት፣ መኪና ያላችሁ ኑሩበት። እዚህ ደጃፍ ላይ ሲቆምም ሁላችሁ አንድ ላይ ውረዱ፤ ያቺ እህት በመካከላችሁ ቀና ብላ ትውረድ።