«ማገጥ ያጉርሷት»

በእኛ ቀበሌ ሰው ቁም ነገር ተጠይቆ ጌጥ ሲደረድር፣ አንዱ ይነሳና ስለ ሁለት ላሞች የምትነገረውን ተረት ጣል ያደርግበታል። ሰምቶ የማይስቅ የለም። ተረቷ የወጣችው ከወይዘሮ ይታክቱ በረት መሆኑን የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው፤ ያን ቀን ደግሞ የሳቀ አልነበረም።

ይታክቱ ባሏ ከሞተ ወዲህ ሦስት ልጆቿን የምታሳድገው በአንዲት ላም፣ በዳልቻ ወተት ነበር። የእንስሳት ባለሙያው ምናሉ ነሐሴ ላይ መጥቶ ስልኳ ላይ ትምህርት ጫነላት። «እትዬ ይታክቱ፣ ከብት ሲነፋ ምን እንደሚደረግ በሦስት ደቂቃ ያስተምርዎታል። ሥዕል አለው፣ ዘፈን አለው፣ ራስዎ እየነካኩ ነው የሚማሩት» አላት። እሷም መርቃ ሸኘችው።

መስከረም በገባ በሳምንቱ ዳልቻ ገመዷን በጥሳ፣ ጤዛው ያልረገፈለት ማገጥ ውስጥ ገባች። ማገጥ የሚባለው ሣር ለከብት ይጣፍጣል፤ እርጥቡን ከጠገቡት ግን ሆድ ይነፋል። ይታክቱ ስትደርስ የላሚቱ ግራ ጎን ከበሮ አክሏል። ጎረቤቷ አያ ቢምረው ሮጠው ገመዱን ያዙላት። ምናሉ ጋ ብትደውል አይነሳም። ያኔ ትምህርቱ ትዝ አላትና ከፈተችው።

መጀመሪያ አበባ ያጠለቀች ላም ወጥታ እስክስታ ትወርድ ጀመር፤ ዋሽንቱም ከበሮውም ይቀልጣል። ጭፈራው ሳያልቅ ማለፍ አይቻልም። ሲያልቅ ስልኩ በደስታ ድምፅ፣ «እንኳን ደህና መጡ! ለመቀጠል ላሟን ማገጥ ያጉርሷት!» አለ። ከሥዕሉ ጥግ አንድ እቅፍ ማገጥ ተቀምጧል፤ በጣት እየጎተቱ አፏ ውስጥ መክተት ነው።

«ምን አለ?» አሉ አያ ቢምረው።

«ማገጥ አጉርሻት ይለኛል!»

«አብዷል እንዴ? የነፋት እሱ አይደል!»

ይታክቱ እጇ እንቢ አላት። ሥዕልም ቢሆን፣ ዳልቻ አጠገቧ እያቃሰተች ላም ማገጥ ማጉረስ ሟርት መሰላት። ውሃውን ነካች፣ ዛፉን ነካች፣ የላሟን ቀንድ ነካች። በነካች ቁጥር «ተሳስተዋል! እንደገና ይሞክሩ!» ይልና ጭፈራው ከመጀመሪያው ይነሳል።

«ኧረ በማርያም! መድኃኒቱን ንገረኝ!» ብላ ስልኩ ላይ ጮኸችበት። ዳልቻ በጉልበቷ ተንበረከከች።

«በቃ አጉርሻት፣ አጉርሻትና የሚለውን እንስማ» አሉ አያ ቢምረው።

ዐይኗን ጨፍና አጎረሰች። የስልኳ ላም እንደ ፊኛ ተነፋች፣ ሰማዩ ኮከብ አዘነበ። «ጎበዝ! አንድ ኮከብ አግኝተዋል! አሁን ደግሞ ለላሟ ስም ያውጡላት!»

ይታክቱ ስልኩን ልትወረውር እጇን ስታነሳ ጠራ። ምናሉ ነበር፤ ሞተር እየነዳ ስለነበር አልሰማም። «እትዬ፣ ዘይት አለዎት? ግማሽ ሊትር ቀስ አድርገው ያጠጧት። ያስነሷትና ፊቷን ወደ ዳገቱ አዙረው ያቁሟት። አፏ ውስጥ እንጨት በአግድም ያስገቡላት፤ እሱን ስታኝክ ታገሳለች። እየመጣሁ ነው» አላት። ይኸው ነው፤ ሌላ ነገር የለውም።

ገፍተውም ጎትተውም አስነሷትና እንዳላቸው አደረጉ። ከብዙ ጭንቅ በኋላ ዳልቻ አገሳች፤ ደጋግማ አገሳች። ጎኗ ረገብ ሲል ይታክቱ አንገቷን አቅፋ አለቀሰች።

ምናሉ ደርሶ ላሚቱን መረመረ። ከዚያ ስልኩን አየና ፈገግ ብሎ፣ «ኮከብም አግኝተዋል እኮ!» አላት። ይታክቱ ደሟ ፈላ።

«ይህን ሁሉ ጭፈራ ምን አመጣው?»

«ሰው እንዳይሰለቸው ብለን ነው፣ እትዬ።»

«ላሙ እየሞተችበት የሚሰለቸው ማነው? የራስህ እጅ ዘይት ሲያጠጣ ብታሳየኝ፣ አይቼ አላደርግም ነበር? አሁን የነገርከኝን መጀመሪያ ላይ ብታስቀምጠው ምን ነበረበት?»

ምናሉ እንዲያግዙት ወደ አያ ቢምረው ዞረ። እሳቸው ገመዱን ገና አልለቀቁም፤ ስልኩም ማን እንደነካው ሳይታወቅ ዋሽንቱን እንደገና ጀምሯል። ሽማግሌው አንዴ ስልኩን፣ አንዴ ዳልቻን አዩና፣ «እንግዲህ ልጄ ምን እልሃለሁ፤ የበረቷ ላም ታቃስታለች፣ የስልኳ ላም ትጨፍራለች» አሉት።