ስንዴ ያልነካው ሙልሙል

ተረት ተረት! አድማጭ «የላም በረት» ብሎ ይመልሳል፤ ደንቡ ነው። በዚህ ተረት ግን ላም የለችም። አንዲት ፍየል ብቻ አለች፤ እሷም በረት የሚባል ነገር አታውቅም። ጣጣው ግማሹ ከዚያ የመጣ ነው፤ እንደርስበታለን።

በአንዲት የሸዋ ከተማ ትንግርት የምትባል የሰባት ዓመት ልጅ ነበረች። አባቷ አስቻለው የጂኦግራፊ መምህር ነው፤ እናቷ ትርሲት ልብስ ሰፊ ናት። ትንግርት ሆዷ እየተነፋ፣ እግሯ እየቀጠነ ሁለት ዓመት ቆየች። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ምክንያቱን አገኘችው። «ግሉተን የሚባለው ነገር አንጀቷን እያቆሰለው ነው። ስንዴና ገብስ ውስጥ አለ። ከእንግዲህ ስንዴና ገብስ በአፏ እንዳይዞር፤ ብናኙም ቢሆን።»

«ይኸማ ቀላል ነው! እኛኮ ጤፍ በላተኞች ነን» አለ አስቻለው፣ ደስ እያለው።

ቀላል አልነበረም። ከሱቅ የሚገዙት እንጀራ ጤፍ ብቻ አልሆነም፤ ተዉት። ትርሲት ቤት መጋገር ጀመረች፤ የልጅቷ ሆድ አሁንም ተነፋ። ሲጣራ እርሾውን የተበደሩት ከጎረቤት ኖሯል፤ የጎረቤቲቱ ሊጥ ደግሞ ገብስ አለበት። ደፉትና አዲስ አበጁ። ወንፊት ለዩ፣ ሰፌድ ለዩ፣ ማማሰያ ለዩ። ሆዷ ጎደለ፤ ግን ጨርሶ አልተኛም። አንድ ቀን አስቻለው እህል ይዛ የሄደችውን ትርሲትን ሊቀበል ወፍጮ ቤት ሄደና ሁሉንም በዓይኑ አየው። ከእነሱ ጤፍ በፊት በዚያው ድንጋይ የተፈጨው ስንዴ ነበር።

እንግዲህ የቀረው ወፍጮው ነው። የቀረው ደግሞ አንድ ምኞት። ባለፈው ቡሄ ትንግርት በር ላይ ቆማ ለጨፋሪዎቹ ልጆች ሙልሙል ስታድል አመሸች፤ እሷ ግን ጣቷን እንኳ አልላሰችም። ዘንድሮ ቤቱ ውስጥ ስንዴ የለም። ትርሲት ጤፍና ተልባ አዋህዳ ሙልሙል መጋገር ተለማምዳለች፤ ተልባው ሊጡን ያያይዘዋል። ጤፉም ተነፍቶ፣ ተለቅሞ፣ በአዲስ ከረጢት ተቋጥሯል። የጎደለው የጸዳ ድንጋይ ነው።

በቡሄ ዋዜማ ጧት ትንግርት ከአልጋዋ ዘልላ ወረደች።

«አባዬ፣ ዛሬ ነው!»

«ዛሬ ነው።»

«እስከ ስድስት ሰዓት ዱቄቱ ካልመጣ ሊጡ አይነሣም ብላለች እማዬ።»

አስቻለው ከረጢቱን ተሸከመ፤ ትንግርት ጃንጥላውን ያዘች። ጭቃውን እየዘለሉ ሄዱ።

ወፍጮ ቤቱ የቡሄ ስንዴ ባስፈጪዎች ሞልቷል። መምህሩ ከነከረጢቱ ብቅ ሲል ሰልፉ ሁሉ ዞረ።

«ውይ መምህር! ዘንድሮ ፈተናው ወፍጮ ቤት ሆነ እንዴ?»

«ዝናቡ አላባራ ያለው ለካ ለዚህ ነው!»

አስቻለው ሳቀ። ከዚያ ወደ ወፍጮው ባለቤት ጠጋ አለ። ጋሽ ሽብሩ እስከ ቅንድባቸው ድረስ ዱቄት ለብሰዋል።

«ጋሽ ሽብሩ፣ ድንጋዩን አንሥተው ይጥረጉልኝ። የልጄ ጤፍ ስንዴ የነካው ድንጋይ ላይ አይፈጭም።»

«መጥረጉስ አያቅተኝም፤ ግማሽ ሰዓት ይፈጃል» አሉ ጋሽ ሽብሩ። «ይህን ሰልፍ ግማሽ ሰዓት ባቆመው ግን የሚጠርጉት እኔን ነው። ሰልፉን ያስፈቅዱ።»

ወፍጮው አልጸዳ አለ፤ ትንግርት ሙልሙል አማራት!

በሰልፉ ራስ ላይ ወይዘሮ በለጥሻቸው በስንዴ ጆንያቸው ላይ ተቀምጠዋል። ለአርባ ልጅ የሚበቃ ሙልሙል ይጋግራሉ፤ መንደሩ ያውቀዋል፤ እሳቸውም ያውቁታል።

«መምህር፣ ለልጅቷ ብዬ ደሜን ብሰጥ ደስ ይለኛል፤ ግማሽ ሰዓት ግን የለኝም» አሉ። «አስፈጭቼ ስወጣ ኮባ ፍለጋ ልሄድ ነው። ሙልሙል ያለ ኮባ ቅጠል ምን ላይ ይጋገራል? ኮባዬ እዚሁ እግሬ ሥር ይምጣልኝ፤ ያን ጊዜ ለፍለጋ የያዝኩትን ግማሽ ሰዓት ውሰዱት።»

«በለጥሻቸው ከለቀቀች እኛም እንለቃለን!» አሉ ከኋላ ያሉት በአንድ ድምፅ።

ሰልፉ አልነቃነቅ አለ፤ ወፍጮው አልጸዳ አለ፤ ትንግርት ሙልሙል አማራት!

«ኮባ ያለው አባባ ኅሩይ ግቢ ነው!» አለች ትንግርትና ሮጠች። አስቻለው ከረጢቱን ለጋሽ ሽብሩ አደራ ብሎ፣ እንዳይከፈት ሁለቴ አስጠንቅቆ ተከተላት።

አባባ ኅሩይ የጡረታ ዘመናቸውን ለጓሯቸው የሰጡ ሰው ናቸው። በሩን አንኳኩ፤ አልተከፈተም። ባርኔጣ በአጥሩ ላይ ብቅ አለ፤ ከባርኔጣው ሥር ሁለት የተቆጡ ዓይኖች።

«ኮባ ሞልቶኛል፤ አርባም ቢሆን እሰጣለሁ። በር ግን አልከፍትም!»

«ምነው አባባ?»

«ወደ ግራ ተመልከት።»

አስቻለው ወደ ግራ ተመለከተ። አንዲት ነጭ ፍየል ግድግዳ ተደግፋ እያመነዠከች፣ በሩን ትክ ብላ ታያለች። ተራዋን የምትጠብቅ ትመስላለች።

«የእታለማሁ ፍየል ናት። ማክሰኞ በሩን ከፈትኩ፤ ጎመኔን ጨረሰች። ሐሙስ ከፈትኩ፤ ቆስጣዬን ጨረሰች። አሁን የቀረኝ ሰላጣ ነው። እሷ ሳትታሰር ይህ በር አይከፈትም፤ ቢላዬም ኮባ አይነካም።»

ኮባው አልቆረጥ አለ፤ ሰልፉ አልነቃነቅ አለ፤ ወፍጮው አልጸዳ አለ፤ ትንግርት ሙልሙል አማራት!

እትዬ እታለማሁ ሁለት ቤት አልፎ ነው የሚኖሩት። ደጃፋቸው ላይ ሽንኩርት እየላጡ አገኟቸው።

«እትዬ፣ እባክዎ ፍየሏን ይሰሩልን።»

«በምን ልሰራት፣ በጥርሴ? አንድ ገመድ ነበረኝ። እነዚያ የቡሄ ልጆች "አንዴ እንየው" ብለው ወስደው ጅራፍ ገመዱበት። ይኸው ከትናንት ጀምሮ ሲያጮሁት ይውላሉ። እያንዳንዱን ጩኸት ስሰማ "ገመዴ!" እላለሁ።»

አስቻለው ሌላ ገመድ ሊገዛ ሱቅ ሮጠ። ባለሱቁ ባዶ እጁን ዘረጋለት፤ በዚህ ሳምንት የከተማው ገመድ ሁሉ ጅራፍ ሆኗል። ተመልሶ ቀበቶውን ፈታና ፍየሏን ቀረባት። ፍየሏ ቀበቶውን አሸተተች፣ ጫፉን ቀመሰች፣ ወደደችው። አስቻለው የተረፈውን ይዞ አፈገፈገ። ሱሪውን በአንድ እጁ ያዘ።

«አባዬ፣ ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ተኩል።»

ፍየሏ አልታሰር አለች፤ ኮባው አልቆረጥ አለ፤ ሰልፉ አልነቃነቅ አለ፤ ወፍጮው አልጸዳ አለ፤ ትንግርት ሙልሙል አማራት!

ልጆቹን ማግኘት አላስቸገረም፤ ጅራፉ ጧ! ሲል ሜዳው ድረስ መራቸው። አለቃቸው ናሁሠናይ ይባላል፤ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነው፤ ድምፁ ግን የሠላሳ።

«ቲቸር!» አለ ጅራፉን ከኋላው እየደበቀ። ያለፈው ዓመት የካርታ ፈተና ትዝ ብሎት ይሆናል።

«ናሁሠናይ፣ ጅራፉን ፍታውና የእትዬ እታለማሁን ገመድ መልስ።»

«ቲቸር፣ ቡሄ ያለ ጅራፍ? ደግሞስ የእናንተን ቤት ዘንድሮ ከዙራችን አውጥተነዋል። ስንዴ አትገዙም አሉ። ሙልሙል ለማይሰጥ ቤት ጅራፍ እንፈታለን እንዴ? ሙልሙል ስጡን፤ ጅራፉን እንፈታለን።»

ጅራፉ አልፈታ አለ፤ ፍየሏ አልታሰር አለች፤ ኮባው አልቆረጥ አለ፤ ሰልፉ አልነቃነቅ አለ፤ ወፍጮው አልጸዳ አለ፤ ወፍጮው ካልጸዳ ሙልሙል የለም፤ ሙልሙል ከሌለ ጅራፉ አልፈታ አለ!

አስቻለው ሱሪውን እንደያዘ ቆመ። ውሃ ከባሕር ተንኖ፣ ደመና ሆኖ፣ ዘንቦ፣ በወንዝ ተመልሶ ባሕር እንደሚገባ ለአሥራ ሦስት ዓመት በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሲሥል ኖሯል። ክብ ነገር ከየት እንደሚጀመር ግን አንድም ተማሪ ጠይቆት አያውቅም። «ናሁሠናይ፣ ግሉተን ማለት...» ብሎ ጀመረ። ልጆቹ እርስ በርስ ተያዩ። ተወው።

ትንግርት ጃንጥላውን አጠፈችና ወደ ፊት መጣች።

«ናሁሠናይ፣ ዛሬ ከምጣድ መጀመሪያ የሚወጣው ሙልሙል ያንተ ነው።»

«የመጀመሪያው?»

«የመጀመሪያው።»

«አንቺ ሳትቀምሺ?»

ትንግርት ምራቋን ዋጠች። «እኔ ሳልቀምስ።»

ናሁሠናይ አያት። ባለፈው ቡሄ ሙልሙሉን ያቀበለችው እሷ ነበረች፤ ሲበላም በሩ ላይ ቆማ ስታየው ነበር። ትዝ አለው።

«ስንዴ የሌለው ሙልሙል ቢፈርስስ?»

«ፍርፋሪውን ትበላለሃ!»

ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ። ናሁሠናይም ሳቀ፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ የጅራፉን ጫፍ በጥርሱ ይዞ መፍታት ጀመረ። «ምን ታዩኛላችሁ? አግዙኝ እንጂ! ልጅቷ ቸኩላለች!»

አሁን እንግዲህ ጆሮ ስጡኝ፤ እኔም እንደ እነሱ ልሩጥ።

ጅራፉ ተፈታ! ልጆቹ ገመዱን ይዘው በረሩ፤ ትንግርት ከፊት፣ አባቷ ሱሪውን ይዞ ከኋላ። ጅራፉ ተፈታ፤ ፍየሏ ታሰረች! አራት ልጅ ያዛት፣ እትዬ እታለማሁ ቋጠሯት፤ እሷም የቀበቶውን ዘለበት ተፋች። ፍየሏ ታሰረች፤ ኮባው ተቆረጠ! አባባ ኅሩይ በሩን ወለል አድርገው ከፍተው አንድ ሸክም ለወይዘሮ በለጥሻቸው፣ አንድ እቅፍ ለትንግርት ቆረጡ። ኮባው ተቆረጠ፤ ሰልፉ ተነቃነቀ! ወይዘሮ በለጥሻቸው ቅጠሉን እግራቸው ሥር ሲያዩ ከጆንያቸው ላይ ብድግ አሉ። «ዘወር በሉ! የልጅቷ ተራ ነው!» አሉ፤ ማንም ሳይከለክላቸው። ሰልፉ ተነቃነቀ፤ ወፍጮው ጸዳ! ጋሽ ሽብሩ ድንጋዩን አነሡ፣ ጠረጉ፣ አራገፉ፤ የስንዴው ብናኝ እንደ ጉም ወጣ። አስቻለው ትንግርትን ውጭ አቆማትና ራሱ ገብቶ በየስርቻው አብሮ ጠረገ። መጀመሪያ አንድ ጣሳ ጤፍ ድንጋዩን እንዲያጥብ ተፈጨ። እሱ ለትንግርት አልሆነም፤ ለፍየሏ ተላከ። ታስራ ለምትውልበት ካሣ መሆኑ ነው። ከዚያ የቀረው ወረደ፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ ስንዴ ያልነካው ዱቄት!

«ስንት ሰዓት ነው?» አለች ትንግርት በበሩ።

«ለስድስት ሩብ ጉዳይ!» አለ ሰልፉ በሙሉ።

ወይዘሮ በለጥሻቸው ጣታቸውን ወደ ጋሽ ሽብሩ ቀሰሩ። «ሽብሩ፣ ይህ ሁሉ ግርግር ለምንድን ነው? በየሳምንቱ ሰኞ ማታ ድንጋዩን ጠርገህ እደር፤ ማክሰኞ ጧት ስንዴ ሳይነካው አስቀድመህ የመምህሩን ጤፍ ፍጭ። አለቀ።»

ጋሽ ሽብሩ ራሳቸውን አከኩ። «ይህን ጧት ቢነግሩኝ ኖሮ...»

«ጧት ኮባ አልነበረኝማ!»

ማታ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ ልጆቹ እየዘፈኑ መጡ። አንድ ጅራፍ ጎድሏቸዋል፤ በጭብጨባ ሞሉት። ትርሲት ምድጃው አጠገብ ቆማ የመጀመሪያውን ሙልሙል ከኮባው ገልጣ ለልጇ ሰጠቻት። ትንግርት በሁለት እጇ ያዘችው። አሸተተችው። ወደ በሩ ወሰደችው።

ናሁሠናይ ገመጠ። ሙልሙሉ ፈረሰ። ዘፈኑ ቆመ። ልጁ በሌላ እጁ ፍርፋሪውን ቀለበ፣ መዳፉን ላሰ፣ የወደቀውንም በዓይኑ ፈለገ።

«እሺ?» አለች ትንግርት።

«ሌላ አለ?»

«አለ! ግን የኔ ነው!» አለችና ከእናቷ እጅ ሁለተኛውን ነጥቃ፣ ትኩሱን፣ እዚያው በሩ ላይ፣ ጉንጯ እስኪወጠር ገመጠች። ልጆቹ የጮኹት ጩኸት ከየትኛውም ጅራፍ ይበልጥ ነበር።

ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌንም በዳቦ አብሱልኝ። ዳቦው ግን የትኛው ወፍጮ ላይ እንደተፈጨ አስቀድማችሁ ንገሩኝ፤ ትንግርት አጠገቤ ተቀምጣለች።