የጨው ጫኞቹ ምርጫ

ተረት ልንገራችሁ፤ «የላም በረት» በሉኝ።

በአንድ አገር ለአያ ነብሮ ጨው የሚያመላልሱ ግመል፣ በቅሎና አህያ ነበሩ። አህያዪቱ አርግዛ ወሯ ገብቷል። ጭነቱ ግን በየገበያው እየጨመረ ሄደና ዳገት ላይ ጉልበቷ ሲብረከረክ «ሆዴ ውስጥ ያለው እንዳይጨናገፍብኝ» እያለች ትፈራ ጀመር። ከዚያ በፊት አብሯቸው ይጭን የነበረ ፈረስ ብቻውን ነብሮ ዘንድ ሄዶ «ከበደን» ቢል በዚያው ቀን ተባሯል።

አንድ ቀን ወንዝ ዳር ሲያርፉ ጭንቀቷን ለጓደኞቿ አወጣችላቸው።

ኩሩዋ በቅሎ «እኔ እንኳ እችለዋለሁ» አለች። ኋላ ግን «ጀርባዬ ቆስሏል» ስትል አመነች።

ታጋሹ ግመል «እንግዲያው ሁላችንም ነብሮ ዘንድ እንሂድ፤ አፍ የሚሆነንን ግን እዚሁ እንምረጥ» አለ።

ቢመርጡ፣ የተመረጠችው ራሷ አህያ ሆነች።

ሲነጋ ሦስቱም ነብሮ ደጅ ቆሙ። አህያዪቱ ወደ ፊት ወጥታ «ጌታዬ፣ ጭነቱ በግማሽ ካልቀነሰ አንነሣም» አለች።

ነብሮ ጥርሱን አሳያት። «እዚሁ ብበላሽስ?»

«ብትበላኝም ቃሉ የሦስታችንም ነው» አለችው። ግመልና በቅሎ ከግራና ከቀኝ ተጠጓት።

ነብሮ ደጁ ላይ የተከመረውን ጨው አየ። ቀና ቢል ሰማዩ ዝናብ አርግዟል።

«እሺ፣ ግማሽ ይሁን» አለ።

አህያዪቱ በዚያው ሳምንት ወንዙ ዳር በሰላም ተገላገለች። ነብሮም ከዚያ ወዲያ ሊጭን ሲል አስቀድሞ «ዛሬ ምን ያህል ትችላላችሁ?» ብሎ ይጠይቅ ጀመር።

ተረቱ ለእናንተ፣ እፎይታው ለእሷ።