ጎረቤት ግቢ የታሰረችው ዳለቻ

አንዲት ሴት ነበረች፤ አራት ላሞች ያሏት። ባሏ ወንዳፍራሽ ከታመመ ግን ወራት አልፈዋል። ትኩሳቱ ይመጣል፣ ይሄዳል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ወገቡን ይቆረጥመዋል። ሦስት ጊዜ የወባ ክኒን ዋጠ፤ አልተሻለውም። ማረስ ይቅርና መቀመጥ አቃተው።

አንድ ቀን በሰፈሩ ወሬ ተሰማ። ከከብት ወደ ሰው የሚተላለፍ በሽታ የሚያጠኑ ሐኪሞች ሊመጡ ነው፤ የከብቱንም የሰውንም ደም ይወስዳሉ ተባለ።

ሴትየዋ ምን አደረገች? ሦስቱን ላሞች አጠበች። አራተኛዋን፣ ዳለቻን፣ ጎረቤት ግቢ ወስዳ አሰረቻት። ዳለቻ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አስወርዳለች። ወተቷ ግን ከሁሉም ይበልጣል። ወንዳፍራሽም ጥሬውን፣ ገና እንደታለበ የሚጠጣው የእሷን ነው።

«ምነው ደበቅሻት?» አለቻት ጎረቤቷ።

«እረዷት ቢሉኝስ? ደግሞ ማስወረዷ የቤቴ ገመና ነው። በመኪና ለመጣ ሁሉ አይነገርም።»

ዶክተር ትርሲት የምትባል ወጣት ሐኪም መጣች። «እነዚህ ብቻ ናቸው፣ እናቴ?»

«እነዚህ ብቻ።»

«ያስወረደችስ የለችም?»

«ኧረ ምን በወጣን።»

ሐኪሟ የሦስቱን ላሞች ደም ወሰደች፤ ከወንዳፍራሽም ወሰደች። በሳምንቱ ተመለሰች።

«ላሞችሽ ንጹሕ ናቸው» አለች። ሴትየዋ ፊቷ በራ። «ባለቤትሽ የያዘው ግን የላም በሽታ ነው። ከየት እንደመጣ ካላወቅን፣ ቢድንም መልሶ ይይዘዋል።»

ሴትየዋን በዚያች ሰዓት ብዙ ጊዜ አስባታለሁ። ባሏን አየችው፤ የጉንጩ አጥንት ወጥቷል። መሬት መሬት እያየች «አንዲት ቀርታለች» አለች።

ዶክተሯ አልተቆጣችም። «እኔ እኮ የመጣሁት ጤነኞቹን ፍለጋ አይደለም፣ እናቴ።»

ወንዳፍራሽ ከመደቡ ላይ ሆኖ ሳቀ። «አየሽ፣ ለዳለቻ ስትሳሺ እኔን ልታርጂኝ ነበር።»

የዳለቻም ደም ታየ፤ በሽታው እሷ ጋ ተገኘ። ከመንጋው ወጣች። አዎ፣ ተለቀሰላት። በዚያ ቤት ወተት እየተፈላ ይጠጣ ጀመር። ወንዳፍራሽም መድኃኒቱን ስድስት ሳምንት ሳያቋርጥ ወሰደ፤ በመኸር ነዶውን በገዛ ትከሻው ተሸክሞ ከመረ።

ወገኖቼ፣ በዚህች ሴት አትፍረዱ። እኛስ? ጌታ ደጃችን ሲመጣ ምናችንን ነው የምናሳየው? ጾማችንን አጥበን እናቀርባለን። ምጽዋታችንን አበጥረን እናቆማለን። ቂሙንስ? ያንን ማንም የማያውቀውን ነገርስ? እሱን ሌላ ግቢ እናስረዋለን፤ በየማለዳው ግን ከእሱ እንጠጣለን።

እናንተ ብቻ ብትጠጡት ደግ ነበር። ትኩሳቱ የሚይዘው ግን የቤታችሁን ሰው ነው። ሚስታችሁ ናት? ልጃችሁ ነው? ዛሬ ቤት ስትገቡ ፊታቸውን ደህና አድርጋችሁ እዩ። ከዚያ ተንበርከኩና «ጌታ ሆይ፣ ያላሳየሁህ አንድ ነገር አለ» በሉት።

ይህን ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃል። የቀረውን ሐኪሙ ያውቃል።