የተዋበች ላቫንዲኖ

ኮምቦልቻ ውስጥ፣ እኛ ሰፈር፣ አንድ ሰው ማንም ሳይነካው አኩርፎ ብድግ ካለ፣ ከጎኑ ያሉት ጣል የሚያደርጓት አንዲት አባባል አለች። ለሰፈሩ አዲስ የሆነ ሰው ሲሰማት ይስቃል እንጂ ከየት እንደመጣች አያውቅም። የመጣችው ከተዋበች ኩሽና ነው፤ ያመጣቻትም የጎሚስታው የጋሽ ይመር ኩርፊያ ናት።

ጋሽ ይመር አውራ ጎዳናው ዳር የመኪና ጎማ ሲለጥፉ ያረጁ ሰው ናቸው። እናታቸው ሲሞቱ ታናሽ እህታቸው ተዋበች ገና ድክ ድክ የምትል ሕፃን ነበረች። አባትም እናትም ሆነው ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ ጠርዟ በተላላጠ አንዲት ሰማያዊ የቆርቆሮ ሳህን አብረው እየበሉ፣ ደህና ደህናውን ወደ እሷ እየገፉ።

ታዲያ ስትዳር ምን ሆነ? የባሏ አለቃ፣ የአለቃው ሹፌር፣ የሹፌሩ ጓደኛ ሳይቀር ከፊት ሲደረደር፣ ያሳደጋት ወንድም ከድንኳኑ በር፣ ንፋሱ ላይ ተጣለ። "እዚህ ይሁኑ፣ ለመውጣት ይመችዎታል" አላቸው አስተናጋጁ። ለመውጣት! ይህን የሚረሳ ሰው ካለ፣ እሱ በር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ጋሽ ይመር ከዚያ ወዲያ የእህታቸውን ደጃፍ አልረገጡም። ስትወልድ እንኳ የገንፎ ቅቤ በሰው ላኩ እንጂ ራሳቸው አልሄዱም።

በመጨረሻ የተዋበች ጎረቤት እማማ ጦይባ ጎሚስታ ቤቱ ድረስ ሄደው፣ "አንተ ይመር፣ የምትታረቁት በማን ለቅሶ ላይ ነው? በኔ ከሆነ ገና አልሞትም!" አሏቸው። ጋሽ ይመርም እያጉረመረሙ እሑድ ሊመጡ ተስማሙ። ተዋበች ለማንም ባትናገረውም፣ ዛሬ ተቀይመው ከሄዱ ዳግመኛ እንደማይመለሱ ታውቅ ነበር።

እሑድ መጡ፤ ከእማማ ጦይባ ጎን ተቀመጡ። ምሳ ሊቀርብ ሲል ተዋበች "መጣሁ ጋሼ" ብላ ኩሽና ገባች። ኩሽናው ውስጥ ባሏ በቅርቡ ያስገጠመላት የዕቃ ማጠቢያ ላቫንዲኖ አለ፤ ከማይዝግ ብረት የተሠራ፣ ፊት የሚያሳይ። ማብራቱንስ ያበራል፤ ግን ስስ ነው። ውሃ ሲወርድበት ቆርቆሮ ጣሪያ ላይ በረዶ የሚዘንብ ይመስላል። ማንኪያ ሲወድቅበትማ ደወል ነው።

ጓ!

ጋሽ ይመር ቀና አሉ። በእኛ ዘንድ እንግዳ ተቀምጦ ዕቃ አይታጠብም። ባለቤቲቱ ዕቃ ማንኳኳት ከጀመረች "በቃ፣ ተነሱልኝ" ማለቷ ነው፤ ሌላ ቃል አያስፈልጋትም።

"ሰሙ፣ እማማ?"

"ምኑን?"

"ሂድ እያለችኝ ነው።"

"ኧረ አላህን ፍራ! ዕቃ አምልጧት ነው።"

"ዕቃ እንዲህ ነው የሚያመልጠው?"

ተዋበች ከውስጥ ሰማች። ደንግጣ ፎጣ አጠፈችና ላቫንዲኖው ውስጥ አነጠፈች። ጸጥ አለ። ጋሽ ይመር ግን "ይኸው፣ አሁን ደግሞ አኮረፈች" ብለው አሰቡ። ይህን አስበው ሳይጨርሱ፣ ተዋበች በጥድፊያ ያነሳችው የድስት ክዳን አምልጧት ፎጣው ያልሸፈነው ጠርዝ ላይ ወደቀ።

ጓጓጓጓ!

ጋሽ ይመር ባርኔጣቸውን አነሱ። "በሠርግሽ በር ላይ አስቀመጥሽኝ፤ ዛሬ ደግሞ በበሩ ሸኘሽኝ። ደህና ሁኚ!"

ተዋበች አረፋ በአረፋ እንደሆነች ሮጣ ወጣችና ክንዳቸውን ያዘች። አረፋው በኮታቸው እጅጌ ወረደ።

"ጋሼ፣ ኧረ በእናታችን! የማጥበውን ይምጡና ይዩልኝ!"

እየጎተተች አስገባቻቸው። ላቫንዲኖው ውስጥ ያቺ ሰማያዊ ሳህን ነበረች፤ ጠርዟ እንደተላላጠ።

"ከቁም ሳጥን ላይ አውርጃት ነው። አቧራ ነበረባት። ዛሬ በሷ እንድንበላ ብዬ..." እጇን በቀሚሷ ጠረገች። "በሠርጉም የት እንዳስቀመጡዎት ያወቅሁት ከሄዱ በኋላ ነው። ይቅር ይበሉኝ።"

ጋሽ ይመር ሳህኗን አንስተው ከዳር አኖሯት፤ ፎጣውንም ጎትተው አወጡ። ከዚያ ማንኪያ አንስተው ላቫንዲኖው ውስጥ ጣሉ። ጓ! ጎንበስ ብለው መዳፋቸውን ከስሩ ለጥፈው እንደገና ጣሉ። አሁን ድምፁ ታፈነ።

"ታዲያ ፎጣውን ከላይ ምን አመጣው? ይሄ የሚጮኸው ከስሩ ነው። የሚደግፈው የለውማ፣ ምስኪን!"

ጎሚስታ ቤታቸው ሄደው አሮጌ የጎማ ከመነዳሪ፣ ብርጭቆ ወረቀትና ማስቲሽ ይዘው ተመለሱ። ኮታቸውን አውልቀው ከላቫንዲኖው ስር በጀርባቸው ተንጋለሉ። ሆዱን አድርቀው በብርጭቆ ወረቀት ፈተጉት፤ የከመነዳሪውን ላስቲክ እየቆረጡ፣ ማስቲሹን እየቀቡ፣ በቡጢ እየደቆሱ ለጠፉበት። ምሳው ቀዘቀዘ። ማንም አልቸኮለም።

"በይ ሞክሪው" አሉ፤ ከእሳቸው የሚታየው እግራቸው ብቻ ነበር።

ተዋበች ማንኪያውን ለቀቀችው። ዱብ።

"አሁንስ ምን አለዎት፣ ጋሼ?"

 ከስር እግራቸው በሳቅ ይንቀጠቀጥ ጀመር።

"አሁንስ ምንም አላለኝ!"

የኩሽናውን በር ተደግፈው የቆሙት እማማ ጦይባ እንባቸውን በሻሻቸው ጫፍ ጠረጉና፣ ጎረቤት ሁሉ እስኪሰማ ድረስ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እንዲህ አሉ፦ "ሆድ የባሰው እንግዳ፣ ሳህን ሰደበኝ ይላል!"