ዳለቻ መንጋጋዋን የፈታች ዕለት

አንድ ጊዜ ዳለቻ የምትባል አህያ ከወንዝ ዳር፣ ከቋጥኝ ሥር ባለች ዋሻ ውስጥ ትኖር ነበር። ዋሻዋ ጠባብ ናት፤ ዝናብ ግን አታስገባም። ከደጇ ምንጭ ይፈልቃል፣ ከምንጩ ግርጌ ደግሞ በጋ ከክረምት የማይደርቅ ሣር አለ። ሦስት ውርንጭላ ወልዳ ያሳደገችው እዚያ ነው። እናቷም የሞተችው እዚያ ነው። ቤት ማለት እንግዲህ ሌላ ምን አለው?

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሣሯን ግጣ ስትመለስ አያ ጅቦን ከደጇ ላይ ተንጋሎ አገኘችው። ከጎኑ ቀበሮ ጭራዋን ጠቅልላ ቁጭ ብላለች።

«ምን ትፈልጊያለሽ?» አለ ጅቦ።

«ቤቴ ልገባ ነዋ!»

«ይህ ያያቴ ቤት ነው። ሌላ ፈልጊ።»

ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ይባላል። ይሄኛው ግን በሚያውቁት አገር፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከነቤቱ ልቀቁልኝ አለ። ዐይን አውጣ!

ዳለቻ አንገቷን አስግጋ ወደ ውስጥ ብታይ፣ ከዋሻው መሐል አንድ ትልቅ የጎሽ ጭን አጥንት ተጋድሟል። ጠዋት ስትወጣ አልነበረም።

ቀበሮ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ይኸውልሽ እትዬ ዳለቻ፣ ያያ ጅቦ አያት በልተው የተውት አጥንት ነው። ማስረጃ ይባላል። እኔ ነገረ ፈጁ ነኝ። ጌታ አንበሳ ፊት እንገናኝ።»

ጅቡ ለምን ዝም ብሎ አልበላትም የሚል ይኖራል። የጌታ አንበሳ ሕግ አላስበላውም። ቤት ያለው እንስሳ በደጁ አይነካም፤ ቤት የሌለው ግን ለቀደመ ጥርስ ነው። ጅቦ ዋሻ ምን ያደርግለታል? የፈለገው ዳለቻን ሜዳ ላይ ማውጣት ነው። ይህን ጅቡ ብቻውን አላሰበውም፤ ያን ያህል ጭንቅላት የለውም። ያሰበችው ቀበሮ ናት።

ችሎቱ ከትልቁ ዋርካ ሥር ተሰየመ፤ አጥንቱም መጥቶ ከአንበሳው ፊት ተቀመጠ። እዚያ ዋርካ ሥር የቆየ ደንብ አለ፤ በችሎት ፊት ባላጋራውን በእግሩም ሆነ በጥርሱ የነካ፣ እውነት ቢኖረውም ተረታ። ቀበሮ ማስረጃዋ ቀጭን መሆኑን ታውቃለች። ስለዚህ ልቧን የጣለችው በአጥንቱ ላይ ሳይሆን በአህያዋ የኋላ እግር ላይ ነው።

«ጌታዬ» አለች ፈገግ ብላ፣ «የወንድሟን ልጅ በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት እናቴ ፈረስ ናት አለች። የገዛ ሥጋዋ ያፈረባት ይህች፣ ስለ ዘርና ስለ ርስት ምን አፍ አላት?»

ጦጣዎቹ ከዛፉ ላይ ተንከተከቱ። ዳለቻ የምትመልሰው ሞልቷት ነበር። ግን መንጋጋዋ እንደ በር ተቀረቀረ፤ ጉሮሮዋ ተናነቀ፤ አንገቷ ግንድ ሆነ። ታግላ ታግላ አፏን ስትከፍት የወጣው ማናፋት ብቻ ነው።

«ይህ ድምፅ ነው እንጂ ቃል አይደለም» አለ አንበሳ። «ለሌላ ቀን ተቀጥሯል። እስኪፈረድ ድረስ ቤቱ በእጇ ይቆይ።»

በሁለተኛው ችሎት ቀበሮ ቀረብ ብላ ቆመች። በጣም ቀረብ ብላ።

«ባሏን ምስክር ትጥራ ብዬ ነበር ጌታዬ። ግን ምን ያደርጋል፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም! እስቲ ንገሪን እትዬ፣ ያንቺው ባል ጅብ የመጣ ዕለት በየት በኩል ነበር የፈረጠጠው? በቆላው ነው በደጋው?»

ፈርጥጧል። እውነት ነው፤ ያቃጠላትም እውነት ስለሆነ ነው። ዳለቻ ዐይኗ ጨለመ፤ ሁለት የኋላ እግሯ ሳታዘው ተነሣ። ቀበሮ ግን ይህን ስትጠብቅ ኖራ ዘወር አለችና ርግጫው የዋርካውን ቅርፊት ገነጠለ።

«ረገጠችኝ! ሊገድለኝ ነበር ይሄ እግር!»

«አልነካሽም» አለ አንበሳ እያዛጋ። «ስለዚህ አልተረታችም። ስሚ ዳለቻ፣ ከሰባት ቀን በኋላ የመጨረሻው ችሎት ነው። ያን ቀን እግርሽ ከተነሣ፣ ወይም ቃል ካልተናገርሽ፣ ዋሻው የጅቦ ነው።»

ጅቦ ጭኗን እያየ ከንፈሩን ላሰ። «ሰባት ቀን? እስከዚያ ብትከሳስ?»

«ዝም በል!» አለች ቀበሮ በጥርሷ መሐል።

ዳለቻ ቤቷ ገብታ ግድግዳውን ረገጠች። ደግማ ረገጠች። ሣር ልትበላ ብትል መንጋጋዋ አላላምጥ አለ። ልትተኛ ብትል እግሮቿ እንደ ችካል ተገትረው አልታጠፍ አሉ። እንዲህ ስትፈራገጥ ከምንጩ ዳር የምትኖረው እማማ ኤሊ እየተንፏቀቀች መጣች። መንገዱ ሃያ ርምጃ ነው፤ እሷ ስትደርስ ፀሐይ አዘንብላ ነበር።

«ልጄ፣ ቋጥኙ ምን አደረገሽ?»

«ተይኝ እማማ! ቤቴን ሊወስዱት ነው! ያቺ ጭራዋን የምትቆላ ሌባ…»

«ሰማሁ። አሁን ጋደም በይና ሰኮናሽን ወጥሪ።»

ዳለቻ የሰማችውን ማመን አቃታት። «እማማ፣ እኔ ልበላ ነው! አንቺ ሰኮናሽን ወጥሪ ትይኛለሽ? ከቻልሽ መርዝ ስጪኝ፣ ለቀበሮዋ የሚሆን!»

«መርዙማ አንቺው ውስጥ አለ፤ ስትጋቺው ሰነበትሽ አይደል?» አለች ኤሊ። «እኔ ፈጣን እግር የለኝም፣ ጥርስ የለኝም፣ ቀንድ የለኝም። መቶ ዓመት የኖርኩት በምን ይመስልሻል? ጠላት ሲመጣ ጭምትት እላለሁ። ሲሄድ ደግሞ ፍትትት እላለሁ። አንቺ ግን ጭምትቱን ብቻ ነው የምታውቂው። ቀበሮዋ ሄዳ ቤቷ ተኝታለች፤ አንቺ እስካሁን ፊቷ እንደቆምሽ ነሽ። ጋደም በይ አልኩሽ!»

አሮጊት ስትቆጣ ትደመጣለች። ዳለቻ እያጉረመረመች ተጋደመች።

«ሰኮናሽን ወደ ውስጥ ሳቢ፤ ወጥሪ። ከቋጥኙ የምትንጠባጠበው ውሃ አምስት ጊዜ ጠብ እስክትል ያዢው። እስኪያምሽ ግን አይደለም! ትንፋሽሽንም አትያዢ፤ አፍንጫሽ ምን ሥራ ፈታ? አምስት። ልቀቂ! ቀስ አይደለም፣ ባንዴ! የጭነት ገመድ ሲበጠስ አይተሽ አታውቂም?»

ዳለቻ ለቀቀችው። ሰኮናዋ ላይ ሙቀት ነገር ፈሰሰ።

«አሁን ዝም ብለሽ ልዩነቱን ስሚ። የተወጠረው እንዲያ ነበር፤ የላላው እንዲህ ነው። ደግሞ ጭንሽን።»

ከሰኮና ወደ ጭን፣ ከጭን ወደ ሆድ ወጡ። ሆዷን ወጥራ ስትለቅ ሌላም ነገር አብሮ ተለቀቀና ዋሻው አስተጋባ። ዳለቻ አፍራ ጆሮዋን ጣለች።

«ይውጣ፣ ይውጣ» አለች ኤሊ አንገቷን ወደ ቅርፊቷ ሰብሰብ አድርጋ። «እሱም ቤት ያጣብብ ነበር።»

ከሆድ ወደ ትከሻ፣ ከትከሻ ወደ አንገት ሄዱ። መንጋጋ ላይ ሲደርሱ ነገሩ ሁሉ ቆመ። መወጠሩንስ ወጠረችው፣ ማን እንደ እሷ! ልቀቂ ስትባል ግን አልለቅ አለ። በማግሥቱም አልለቀቀም። በሦስተኛው ቀን ዳለቻ ተነሥታ «አልሆነም! የማይረባ የኤሊ ጨዋታ ነው!» ብላ ምንጩን በሰኮናዋ በጠበጠችው።

«የምጠጣውን ነው የበጠበጥሽው» አለች ኤሊ። «ጠጥተሽ ተኚና ነገ ደግመሽ ሞክሪ። ቁጣሽን ጣይው አላልኩሽም እኮ! ቁጣሽማ ያንቺ ነው፤ ቤት ሲወሰድ የማይቆጣ ምን ዓይነት ፍጡር ነው? እኔ ያልኩሽ መንጋጋሽ ላይ አታሳድሪው ነው።»

በአምስተኛው ቀን፣ ቀትር ላይ፣ መንጋጋዋ ለቀቀ። ከንፈሯ ተንጠለጠለ፤ ምላሷ ዘና አለ፤ ጆሮዎቿ ወደ ጎን ወደቁ። ዐይኗን ጨፍና ብዙ ቆየች። ከዚያ ተነሥታ የሁለት ቀን ሣር በላች። ስድስተኛውንና ሰባተኛውን ቀን ጠዋትና ማታ ከሰኮና እስከ ጆሮ ደጋግማ ለመደችው፤ በመጨረሻ ቆማም፣ ማንም ሳያይባት፣ ማድረግ ቻለች።

የመጨረሻው ችሎት ቀን እንስሳው ሁሉ ዋርካው ሥር ግጥም አለ። የጎሹ አጥንት ከአንበሳው ፊት ተቀምጧል። ጅቦ ከጠዋቱ ጀምሮ ምራቁን ይውጣል።

ቀበሮ አልሰነፈችም። በቅሎን አነሣች፤ ዳለቻ ጭጭ። የፈረጠጠውን ባሏን አነሣች፤ ዳለቻ ጭጭ። ቀበሮ ተናደደችና የመጨረሻውን ስድብ ሰነዘረች፦

«እናቷንስ ማን ያጣታል? ዕድሜዋን ሙሉ ጨው ተሸክማ፣ አንዲት አሞሌ ሳትልስ የሞተች! የጨው ባሪያ ልጅ ናት እንግዲህ ባለ ቤት ነኝ የምትለው!»

ጦጣዎቹ እንኳ አልሳቁም፤ አንበሳ ግን አዛጋ።

ዳለቻ ከጆሮዋ እስከ ጭራዋ ነደደች። የኋላ እግሯ ሊነሣ ዳዳ። ያን ጊዜ አራቱንም ሰኮናዋን ወደ መሬት ተጫነች፤ ጭኗን ወጠረች፤ መንጋጋዋን ገጠመች። በልቧ እስከ አምስት ቆጠረች። ከዚያ ባንዴ ለቀቀችው። ደግማ ወጠረች፤ ደግማ ለቀቀች። ቁጣው አልሄደም፤ እግሯንና ጉሮሮዋን ግን ለቀቀላት። ዐይኗም ጠራ። ሲጠራ መጀመሪያ ያየችው ከፊቷ የተቀመጠውን አጥንት ነው። ሦስት ችሎት ሙሉ እያየች ያላየችውን።

«ጌታዬ፣ ከሳሹን አንድ ነገር ልጠይቀው» አለች።

ቀበሮ ደነገጠች። አንበሳ ራሱን ነቀነቀ።

«አያ ጅቦ፣ አያትህ ጥርስ ነበራቸው?»

«ምን አልሽ?»

«ይህን አጥንት እየው። ሁለቱም ጫፍ አልተነካም። መቅኒው እንደሞላ ነው። አያትህ በልተው የተረፋቸው ይህ ከሆነ፣ ወይ ድዳም ነበሩ፣ ወይ እንደ ጥጃ ሣር ነበር የሚግጡት። የትኛው ነው?»

ሳቁ እንደ ናዳ ወረደ። ጅቦ ጠጉሩ ቆመ።

«የኔን አያት? የኔን አያት ድዳም አልሽው? የኛ ዘር አጥንት ትቶ አያውቅም! ቀንድና ሰኮና እንኳ አናስተርፍም!»

«አያ ጅቦ፣ ዝም…» አለች ቀበሮ።

«አልልም! ስሜን አስጠፋሽው! ይህን አጥንት ከቆላ ድረስ ተሸክሜ አምጥቼ ሳልነክሰው ያስቀመጥኩት፣ አንቺ ‹ተወው፣ ማስረጃ ነው፣ በኋላ አህያዋን ትበላለህ› ብለሽ ለምነሽኝ አይደለም? ስንት ቀን ምራቄን ዋጥኩ! አሁንስ በቃኝ! ጅብ እንዴት እንደሚበላ ይዩ!»

ብሎ ዘሎ አጥንቱን ቀረጨመው። ዋርካው ሥር ያለ ሁሉ እያየ፣ ማስረጃው ከነመቅኒው ሆዱ ገባ። ጅቦ አፉን ጠርጎ እንዳሸነፈ ሁሉ ዙሪያውን ተመለከተ።

ቀበሮ ጭራዋን በእግሯ መሐል ሸጎጠች።

«ዋሻው የዳለቻ ነው» አለ አንበሳ። «ጅቦ ከወንዙ ማዶ ይሻገር። ቀበሮ ከእንግዲህ በዚህ ዋርካ ሥር አፏን አትክፈት። ችሎቱ ተነሥቷል።»

ሁሉም ዳለቻን አየ። የተፈረደለት ጎንበስ ብሎ «ዕድሜዎን ያርዝመው» ማለት ደንብ ነው። ዳለቻ ግን አልጎነበሰችም።

«ጌታዬ፣ አላመሰግንዎትም» አለች። ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም፣ አልጮኸምም። «ያ አጥንት ሦስት ችሎት ሙሉ ከእርስዎ ፊት ተቀምጦ ነበር። ጅብ አጥንት እንደማይተው ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ፤ ትራፊዎን የሚለቅመው እሱ ነው። እናቴ ስትሰደብ እያዛጉ ሰሙ። እኔስ ንዴት ዐይኔን ጋርዶት ነው ያላየሁት። እርስዎን ምን ጋረደዎት?»

አንበሳ መዳፉን አየ። ዳለቻ መልስ አልጠበቀችም፤ ዞራ በሕዝቡ መሐል፣ እግሯን ሳታፈጥን፣ ወደ ቤቷ ወረደች።

ከዚህ የምንማረው፣ በሰውነቱ ላይ ንዴቱን ወጥሮ የሚኖር ለጠላቱ ሥራ እንደሚያቀልለት፣ በቤቱ መወጠርንና መልቀቅን የለመደ ግን ቁጣው ሳይበርድ እግሩን ገዝቶ፣ ዐይኑን ከፍቶ፣ ተገቢውን ቃል ለተገቢው ሰው በፊቱ መናገር እንደሚችል ነው።