የመሃሏ ሽኮኮ ዝም ያለች ጊዜ

አንድ ጊዜ፣ አውሬዎች ከኮረብታ ኮረብታ እየተጣሩ መልእክት በሚቀባበሉበት ዘመን፣ ከሁሉም መሃል ባለ ቋጥኝ ላይ አንዲት ሽኮኮ ብቻዋን ትኖር ነበር። ከቆላ የመጣውን ለደጋ፣ ከደጋ የመጣውን ለቆላ የምታቀብል እሷ ናት። የሰርጉም የለቅሶውም ጥሪ በእሷ ጉሮሮ ያልፋል፤ ለእሷ ተብሎ የተላከ ግን አንድም ቀን አልነበረም። ጠዋት ጠዋት ብቻ ጎረቤቶቿ «ሽኮኮ፣ አለሽ?» ይሏታል፤ «አለሁ!» ትላለች። አለሁ ያላለ እንደሌለ ይቆጠራል፤ መልእክቱም በሌላ ኮረብታ ይዞራል። ደንቡ ይህ ነበር።

«ሆድ ባሰኝ» አለችው አንድ ቀን ቀበሮን። «ብጠፋ እንኳ የሚፈልገኝ ያለ አይመስለኝም።»

ቀበሮ ጩኸቷ እንቅልፍ ነስቶት ነበርና ምክር አላጣም። «ታዲያ ዝም በያ! የሚወድሽ ካለ ራሱ ይመጣል።»

በማግስቱ «አለሽ?» ሲሏት ዝም አለች። በሁለተኛውም ቀን ዝም። ማንም አልመጣም። ጥሪው ሁሉ በጅብ ኮረብታ ዞሮ ሄደ፤ ሽኮኮም ከቋጥኟ ስንጥቅ ውስጥ ተኮራምታ አለቀሰች።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጦጣ ከወንዝ ዳር ጮኸች። «አያ ጅቦ! የአህያ ውርንጭላ ማጥ ውስጥ ገብቷል! እናቱ ደጋው መስክ ላይ መሆን አለባት፣ ቶሎ አቀብል!»

«መውጣት አይችልም?» አለ ጅብ።

«ምኑን ይችላል!»

«እንግዲያው ተይው፣ እኔ ራሴ እደርስለታለሁ።» ምራቁን እየዋጠ ቁልቁል ወረደ። ጦጣ ደንቡን ስታስብ ሥጋ ለጅብ አደራ መስጠቷን ዘንግታው ነበር።

ይህን የሰማችው ሽኮኮ ልትጣራ ዘላ ወጣች። አፏን ሳትከፍት ከኋላዋ ኮቴ ሰማች። አህያ እያለከለከች ዳገቱን ጨርሳ ቋጥኙ ላይ ደረሰች።

«አለሽ እንዴ? ተመስገን! ሁለት ቀን ድምፅሽ ሲጠፋብኝ አሟት ይሆናል ብዬ፣ ልጄን ወንዝ ዳር ጠብቀኝ ብዬው መጣሁ።»

ሽኮኮ ስትናፍቀው የኖረችው እንግዳ ይኸው ፊቷ ቆሟል። «ልጅሽ… ማጥ… ጅብ…» እያለች ወደ ወንዙ ጠቆመቻት።

አህያ ቁልቁል ጋለበች። ስትደርስ ማጡ ዳር የነበረው ጅብ ብቻ ነው፤ አፉን ይልሳል። «እመት አህያ፣ አሁን ገና መልእክትሽን ላደርስ ስነሳ!» አላት።

ከዚያ ወዲህ ሽኮኮ ጠዋት ጠዋት ማንም ሳይጠይቃት «አለሁ! አለሁ!» ትላለች። ከአህያ መስክ ግን መልስ መጥቶ አያውቅም።

ከዚህ የምንማረው፣ ማን ይወደኝ ይሆን ብለን ከቦታችን ስንጠፋ፣ መከራው ቀድሞ የሚደርሰው ከልቡ በሚወደን ላይ መሆኑን ነው።